ጠዋት ጠዋት አልነሳ ያለችው ሃይሉክስ

ባለፈው ታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ አንዲት ነጭ ሃይሉክስ ፒካፕ በሌላ መኪና ተጎትታ ጋራዣችን ገባች። ደብል ጋቢና ናት። ሞተሯ ፋይቭ ኤል የሚባለው፣ 3 ሊትር ገደማ የሆነው የቆየው የናፍጣ ሞተር ነው። ባለቤቷ ገብስና ባቄላ የሚነግዱ ሽማግሌ ናቸው። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳንጨርስ «ልጄ፣ ፖምፓውን አውርድልኝና ልገላገል» አሉኝ።

ፖምፓ ማውረድ ቀላል ነገር አይደለም። ናፍጣውን በግፊት ወደ ሲሊንደሮቹ የሚልከው፣ የናፍጣ ሞተር ልቡ እሱ ነው። ከወረደ በኋላ ወደ ፖምፒስታ ይሄዳል፣ ይፈታል፣ ይለካል፣ ዕቃ ይገዛለታል። ብዙ ሺህ ብር ነው። «አባባ፣ ማን አውርድ አለዎት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሹፌሩ መልሱን ተቀብሎ ታሪኩን ከመጀመሪያው ነገረኝ።

ችግሩ የጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ጠዋት አልነሳ ትላለች። አንዴ ከተነሳች ግን መንዝ ደርሳ ብትመለስ እንከን የላትም። ጉልበቷ ያው ነው፣ ጭስ የላትም፣ ቀን ላይ አጥፍተው ቢያስነሷት ወዲያው ትነሳለች። መጀመሪያ ባትሪ ነው ተባለና አዲስ ባትሪ ተገዛ። አልሆነም። ከዚያ ካንዴሌታ ነው ተባለ፤ ጠዋት ሲሊንደሩን ከውስጥ የሚያግለው ዕቃ ነው። አራቱም ተቀየሩ። ሁለት ቀን የተሻላት መሰለና መልሳ እንቢ አለች። ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ወረደ፣ ካርቦኑ ተቀየረ። በመጨረሻ አንድ ባለሙያ «ፖምፓው በልቷል» አላቸው፤ ውስጡ አልቋል ማለቱ ነው። በዚህ ነው ወደ እኛ የመጡት።

እነዚህ ምክሮች አንዳቸውም ከመሬት የተነሱ አይደሉም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,840 ሜትር ትጠጋለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ እንደ ቤንዚን ሞተር እሳት የሚረጭ ካንዴላ የለውም። አየሩን አምቆ አምቆ ያግለዋል፣ በጋለው አየር ላይ ናፍጣ ይረጫል፣ ናፍጣው በራሱ ይቀጣጠላል። ፋይቭ ኤል አየሩን ወደ 22 እጥፍ ያህል ነው የሚያምቀው። እዚህ ከፍታ ላይ ግን የሚያምቀው አየር መጀመሪያውኑ ስስ ነው፣ ጠዋት ላይ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። ሞተሩ በዝግታ ከዞረ ሙቀቱ በሲሊንደሩ ግድግዳ ይሸሻል። ባትሪ በብርድ ይደክማል፣ ዘይት ይወፍራል። ስለዚህ የእኛ አገር መካኒክ ጠዋት የማትነሳ የናፍጣ መኪና ሲያይ ቀድሞ ባትሪና ካንዴሌታ ቢያስብ አልፈርድበትም። የሚያናድደኝ ሳይለካ መቀየሩ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም ቴስተር አላወጣም።

ሌላም ያልተጠየቀ ነገር ነበር። «አልነሳም» የሚለው ቃል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ በሽታዎችን ይይዛል። ቁልፉ ሲዞር ጸጥ የሚል አለ። እያቃሰተ በግድ የሚዞር አለ። ሞተሪኖው በደንብ እያዞረው የማይቀጣጠል አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የኤሌክትሪክ ወይም የሞተሪኖ ጉዳይ ናቸው። ሦስተኛው ሌላ ዓለም ነው። ሹፌሩን ስጠይቀው «ኧረ በደንብ ይዞራል ጋሼ፣ ባትሪ እስኪጨርስ ይዞራል» አለኝ። ታዲያ በደንብ ለሚዞር ሞተር የሞተሪኖ ካርቦን ለምን ተቀየረ?

የዚያን ቀን ምንም አልነካሁም። መኪናዋን ግቢው ውስጥ ሜዳ ላይ አቆምናትና አደረች። ጠዋት ብቻ የሚመጣን ችግር ቀትር ላይ ብፈልገው አላገኘውም።

በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። መስታወቷ ላይ ውርጭ ተጋግሯል። ኮፈኑን ከፍቼ መጀመሪያ ባትሪውን ለካሁ። 12.6 ቮልት። ሙሉ ነው። ካንዴሌታዎቹ ላይ ቁልፉ ሲከፈት ኮረንቲ ይደርሳል። ረዳቴን ከኋላ ጭስ ማውጫው፣ ማርሚታው ጋ አቆምኩትና ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሪኖው ሲያዞር ባትሪው ወደ 10.4 ወረደ፤ ይህ ጤነኛ ነው። ከ9.6 በታች ቢወርድ ነበር የምጠራጠረው። ሞተሩ ፈጠን ብሎ ይዞራል። 10 ሰከንድ ያህል አዞርኩና ተውኩ። ከዚያ በላይ ማዞር ሞተሪኖውን ያቃጥለዋል። ደቂቃ አሳርፌ ደገምኩ።

«ጭስ አለ?»

«ምንም የለም።»

«ትንሽም? ነጭ?»

«ጠብታም የለም ጋሼ።»

ጉዳዩ ለእኔ ግማሽ የተፈታው እዚህ ላይ ነው። የናፍጣ ሞተር እየዞረ ሳይነሳ ሲቀር መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ማርሚታው ነው። ነጭ፣ ዓይን የሚያቃጥል፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ጭስ ከወጣ ናፍጣው ሲሊንደር ውስጥ እየገባ ነው፣ ግን አልተቀጣጠለም። ያን ጊዜ ካንዴሌታን፣ እመቃን፣ የርጭት ሰዓትን ትጠረጥራለህ። ምንም ጭስ ከሌለ ግን ናፍጣው አልደረሰም። ያልደረሰ ናፍጣ ካንዴሌታ አራት ጊዜ ቢቀየር አይነድም። ይህን ለማወቅ ዓይን ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ናፍጣ ለምን አይደርስም? ፋይቭ ኤል ፖምፓ ላይ ናፍጣ የሚዘጋና የሚከፍት ትንሽ የኤሌክትሪክ ቫልቭ አለ። ሞተሩ ቁልፍ ሲዘጋ የሚጠፋው በእሱ ነው። ሽቦው ከተበጠሰ ወይም ቫልቩ ከሞተ ናፍጣ አያልፍም። ቁልፉን ከፍቼ ሽቦውን ነቅዬ መልሼ ነካሁት። «ቀጭ» አለ። 12 ቮልት ይደርሰዋል፣ ይሠራል። ከእሱ ወጣሁ።

ቀጥሎ በ17 ቁልፍ ወደ አንደኛው ኖዝል፣ ናፍጣ ወደሚረጨው ዕቃ፣ የሚሄደውን ቱቦ ጫፍ ትንሽ አላላሁና ረዳቴ አዞረ። በጤናማ ሞተር ላይ ንጹህ ናፍጣ እየተቆራረጠ ይወጣል። እዚህ የወጣው አረፋ ነው። ጥቂት ምራቅ የመሰለ ነገር ተፍ አለና ቆመ። ይህን ስታደርግ ፊትህን አርቅ፣ ጣትህን አታስጠጋ። በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ዲ ፎር ዲ በሚባሉት አዳዲሶቹ ሞተሮች ላይ ደግሞ ይህን ፈጽሞ እንዳትሞክረው። እዚያ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር ሊያልፍ ይችላል። እነሱ በኮምፒውተር ነው የሚመረመሩት።

አረፋ ማለት አየር ማለት ነው። ናፍጣውን ወደሚያጣራው ፊልትሮ ሄድኩ። ከላዩ ላይ በመዳፍ የሚጫን የእጅ ፓምፕ አለ። ስጫነው ባዶ ከረጢት የመጫን ያህል ለሰለሰ። ተጫንኩ፣ ተጫንኩ። ሃያ ጊዜ ገደማ ላይ ጠንከር አለና እጄን መለሰልኝ። ያላላሁትን ቱቦ አጠበቅኩና ቁልፉን አዞርኩ። ሦስተኛው ላይ ተነሳች። ትንሽ ነጭ ጭስ አወጣች፣ ተንገጫገጨች፣ ከዚያ ጸጥ ብላ ሠራች።

ሽማግሌው ሲመጡ ሞተሩ እየሠራ ነበር። ደስ አላቸው። «እንግዲያው ጠዋት ጠዋት ይህን እየተጫነ ያስነሳታ!» አሉ። ብዙ ሹፌሮች እንደዚያ ያደርጋሉ፣ ዓመት ሙሉ። እኔ ግን ያ አየር ከየት ገባ የሚለው ሳይመለስ መኪናዋን ማስረከብ አልፈለግኩም።

እዚህ ላይ ስለዚች ሞተር አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ከኋላ ሰልባትዮ በሚባለው የናፍጣ ማጠራቀሚያ ውስጥ ናፍጣ የሚገፋ ፓምፕ የላትም። ናፍጣውን የሚስበው ፖምፓው ራሱ ነው፤ ከሰልባትዮ በብረት ቱቦ፣ ከዚያ በላስቲክ፣ ከዚያ በፊልትሮ አድርጎ ወደ ራሱ። መንገዱ ሁሉ የሚሳብ ነው። በስትሮ ለስላሳ መጠጣት ማለት ነው። ስትሮው ቢሰነጠቅ ለስላሳው ወደ ውጭ አይፈስም፣ አንተ ነህ አየር የምትስበው። ስለዚህ መሬት ላይ ጠብታ አታይም። ሞተሩ እየሠራ ትንሹን አየር ተቋቁሞ ይሄዳል። ሌሊት ሲቆም ግን አየሩ ቀስ እያለ በስንጥቁ ይገባና ናፍጣው ወደ ሰልባትዮው ይመለሳል። ጠዋት ላይ ፖምፓው የሚስበው አየር ነው። ቀን ላይ ግማሽ ሰዓት ብትቆም ናፍጣው ለመመለስ ጊዜ አያገኝም። ለዚህ ነው ቀን የምትነሳው።

ይህን ሳስብ ሹፌሩን አንድ ነገር ጠየቅኩት።

«ማታ ማታ የት ነው የምታቆማት?»

«ቤቴ ጋ ቁልቁለት አለ፣ እዚያ ላይ። እንቢ ካለችኝ ለቅቄ በግፊት ላስነሳት ብዬ።»

«አፍንጫዋን ወደ ታች?»

«አዎ።» ቆም አለና «የሚገርመው ቁልቁል ካደረች ብዙ ጊዜ ሳልገፋትም ትነሳለች። ሜዳ ላይ ካደረች ነው የምትገግመው» አለ።

ሰልባትዮው ከኋላ ነው። አፍንጫዋ ወደ ታች ሲሆን ሰልባትዮው ከፊልትሮው ከፍ ይላል። ናፍጣው ሽቅብ አይመለስም። ሜዳ ላይ ግን ፊልትሮው ከፍ ይልና ናፍጣው ይወርዳል። ባትሪም ካንዴሌታም መኪናው ወደየት ዞሮ እንዳደረ አያውቅም። ይህን የሚያውቀው ናፍጣው ብቻ ነው። ልጁ ሦስት ሳምንት መልሱን ይዞት ነበር የሚዞረው። ለምን እንዳልተናገረ ስጠይቀው ማንም እንዳልጠየቀው ነገረኝ። እውነቱን ነው። እኛ መካኒኮች ኮፈን እንከፍታለን እንጂ ሹፌሩን ቁጭ አድርገን አናናግርም።

በዚያው ወሬ ሌላም ነገር ወጣ። ሁለት ጠዋት ቤንዚን የነከረ ጨርቅ አየር መሳቢያው ላይ ይዞ አስነስቷታል። ይህን ስሰማ አዘንኩ። ካንዴሌታው ግሎ ሳለ የቤንዚን ትነት ሲገባ ያለ ሰዓቱ ይፈነዳል። ፒስተን ይሰብራል፣ የፒስተኑን ቀለበት (ፋሻ) ይሰብራል፣ የሰው ፊትም ያቃጥላል። «ወንድሜ፣ ሁለተኛ እንዳታደርገው፤ በእግርህ መሄድ ይሻልሃል» አልኩት።

አሁን የቀረው ቀዳዳውን መፈለግ ነው። 5 ሊትር ጀሪካን ናፍጣ ሞልቼ ከሞተሩ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩ። ከሰልባትዮ የሚመጣውን ላስቲክ ከፊልትሮው ነቀልኩና በምትኩ ከጀሪካኑ ቱቦ አገባሁ። አየሩን አስወጣሁና አስነሳኋት። ወዲያው ያዘች። ይህ ፖምፓውንና ኖዝሎቹን ነጻ የሚያወጣ ፈተና ነው። የበላ ፖምፓ ጀሪካን ስላየ አይድንም።

ጀሪካኑ ከላይ ስለሆነ ናፍጣው አሁን በክብደቱ ይገፋል። መስመሩ መሳቡ ቀርቶ መገፋት ሆነ። ስለዚህ አየር የሚያስገባው ቀዳዳ አሁን ናፍጣ ማስወጣት አለበት። ጠበቅኩ። ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ የእጅ ፓምፑ ዙሪያ ረጠበ። ውስጡ ያለው ላስቲክ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በቆዩት የሃይሉክስ ናፍጣዎች ላይ ይህ ዕቃ በዚህ በሽታ የታወቀ ነው። በደንብ ቀድሜ ብመለከት ኖሮ አቧራው እሱ ላይ ብቻ ጭቃ ሆኖ መጣበቁን አይ ነበር።

የፊልትሮውን ራስ ከነእጅ ፓምፑ ቀየርኩ። ፊልትሮውንም ቀየርኩ። ሽማግሌውን ጠርቼ «አባባ፣ አለቀ» አልኳቸው። መኪናዋን ወሰዱ።

በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። አልተነሳችም።

ያን ጠዋት የተሰማኝን መደበቅ አልፈልግም። አፈርኩ። ሰውየው ሦስት ሰው አታሏቸው መጥተው እኔ አራተኛ የሆንኩ መሰለኝ። ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። ሜዳ ላይ ነው ያደረችው። የእጅ ፓምፑን ተጫንኩ። ስምንት ላይ ጠነከረና ተነሳች። ትናንት ሃያ፣ ዛሬ ስምንት። ተሻሽሏል፣ ግን አልዳነም። ስለዚህ ያገኘሁት ቀዳዳ እውነተኛ ነበር፤ ብቻውን ግን አልነበረም።

ስህተቴ የት እንደሆነ መንገድ ላይ ገባኝ። ጀሪካኑን ያገናኘሁት ፊልትሮው መግቢያ ላይ ነው። ያን ሳደርግ ከሰልባትዮ እስከ ፊልትሮ ያለውን መስመር በሙሉ ከፈተናው አስወጥቼዋለሁ። ፈተናዬ ከፊልትሮ በኋላ ያለውን ብቻ ነው የመረመረው። አንድ በሽተኛ ዕቃ ስላገኘሁ ሌላውን ግማሽ ሳላይ ዘጋሁት። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ሌሊት ሳላሳድር አስረከብኩ። ጠዋት የሚመጣን ችግር ማታ ላይ «አለቀ» ማለት አይቻልም ነበር።

ጋራዥ መልሼ አመጣኋት። በዚህ ጊዜ ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ሁለት ቦታ አስገባሁ፤ አንዱን ከፊልትሮው በፊት፣ ሁለተኛውን በፊልትሮውና በፖምፓው መካከል። ሞተሩን አስነስቼ ተመለከትኩ። ከፊልትሮው በፊት ባለው ቱቦ ውስጥ ትናንሽ አረፋዎች ተራ በተራ ይመጣሉ። አየሩ የሚገባው ከፊልትሮው ወደ ኋላ ነው።

ከፊልትሮው ወደ ታች ወርዶ ከሻንሲው የብረት ቱቦ ጋር የሚገናኝ አንድ ስንዝር ተኩል የሚሆን ላስቲክ አለ። ከላይ ሲያዩት አዲስ ይመስላል። ከሥር በባትሪ መብራት አየሁት። ለናፍጣ የተሠራ ላስቲክ አይደለም፤ አንድ ሰው አንድ ቀን ያገኘውን የውሃ ላስቲክ ቆርጦ ገጥሞታል። የታሰረው በፋሼታ፣ ዙሪያውን እኩል በሚያጠብቅ የብረት ማሰሪያ፣ ሳይሆን በተጠመዘዘ ሽቦ ነው። ናፍጣው ከውስጥ አሳብጦ አላልቶታል። ሽቦው ደግሞ አንዱን ወገን ነክሶ ሌላውን ክፍት ትቶታል። አወጣሁት። አንዱን ጫፍ በጣቴ ደፍኜ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከርኩና በሌላው ጫፍ ነፋሁ፤ ጎሚስታ የተበሳ ጎማ እንደሚፈልገው። ሽቦው የነከሰበት ቦታ ላይ አረፋ ተንጠለጠለ።

ለናፍጣ የተሠራ ላስቲክ ገጠምኩ፣ ሁለቱንም ጫፍ በፋሼታ አሰርኩ። ዋጋው ከአንድ ካንዴሌታ ያንሳል። ብርሃን በሚያሳልፈው ቱቦ ውስጥ ናፍጣው ጥርት ብሎ ሄደ። አንዲትም አረፋ የለም።

በዚህ ጊዜ አላስረከብኩም። ሽማግሌውን «ሦስት ሌሊት ይስጡኝ» አልኳቸው። ከጋራዡ በር ውጭ ዳገት አለ። አፍንጫዋን ሽቅብ አድርጌ፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ አስገብቼ አሳደርኳት። ለዚች መኪና ከዚህ የከፋ አቋቋም የለም። የመጀመሪያው ጠዋት የእጅ ፓምፑን ነካሁት። ደንዳና ነው። ካንዴሌታው እስኪግል ጠብቄ ቁልፉን አዞርኩ። ሁለት ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ተነሳች። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ጠዋት እንደዚያው።

ሹፌሩ አሮጌዎቹን አራት ካንዴሌታዎች በፌስታል ይዞ መጣ። አንድ በአንድ ለካኋቸው። ሦስቱ ደህና ናቸው፣ አንዱ ሞቷል። ስለዚህ ካንዴሌታ ቀይሩ ያለው ሰው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። በዚህ ብርድ አንድ ሲሊንደር ሳይግል ሲቀር ማንገጫገጩ አይቀርም። አሮጌው ባትሪ ግን በልዋጭ ተሰጥቷል፣ እሱን ልለካው አልቻልኩም።

ሽማግሌው መኪናቸውን ሊወስዱ ሲመጡ መጀመሪያ የጠየቁት «ፖምፓውስ?» ብለው ነው።

«እንዳለ ነው አባባ። አንድ ብሎን አልፈታሁበትም።»

ለሹፌሩ አንድ ሥራ ሰጠሁት። ሳምንት ሙሉ ቁልቁል እንዳያቆም፣ ሜዳ ወይም ዳገት ላይ ብቻ እንዲያሳድራት፣ ጠዋት ቁልፍ ሳይነካ የእጅ ፓምፑን ተጭኖ በስንተኛው እንደጠነከረ እንዲቆጥርልኝ። በስምንተኛው ቀን ደወለ። ሰባቱንም ጠዋት በመጀመሪያው ነው።